የሰውን አካል ስለ መስጠትና ስለ መሸጥ



ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የሒሳቡ ሪፖርት ተነቦ፣ የድንኳኑ ሸራና የወንበሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ አንድ አባላችን እጃቸውን አውጥተው «እኔ ስሞት ዓይኔ ለዓይነ ስውር እንዲሰጥልኝ ፈቃዴ ነው፤ እድሩ ይህን ይወቅልኝ» ብለው መናገራቸው ይታወሳል። ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ግማሹ አማተበ። አንዱም ከኋላ ሆኖ «እድራችን የሚቀብረው ሙሉ ሰው ነው፤ ጎዶሎ ከመጣ ሒሳብ ይቀነሳል ወይ?» ብሎ ቀለደ። ዳኛችን ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይደር ብለው ስብሰባው ተዘጋ። እኔም በጸሐፊነቴ ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር በአንድ መስመር አሳልፌዋለሁ።

በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሐኪምም ሕግ ዐዋቂም አይደለሁም። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ የቆየ ወረቀት ማገላበጥ ልማድ ሆኖብኛል፤ ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ መጽሐፍና ጋዜጣ ከእጄ አይለይም። ስለዚህ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ በዚህ መጽሔታችን ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ። የአገራችንን ነገር በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ዛሬ ሰው ኩላሊት ተሸጠ ሲባል በሰማ ጊዜ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይላል። ኧረ እንዲያውም! ይህች ከተማችን ሰው እንዳለ ሙሉውን ሲሸጥባት የኖረች ናት። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1855 በጃንዋሪ ወር ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሰንብቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከተማይቱ ከውስጥ አገር ለሚመጡ ባሮች የመንገድ ማረፊያ መሆንዋን አስፍሯል። ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ወደብ በሚወርደው መንገድ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ቆዳው ሲወርድ ሰውም አብሮ ይወርድ ነበር። ይህ የሐረር ብቻ ነውር አይደለም፤ በመላው አገሪቱ የነበረ ነው። ነገር ግን የራስን ጓዳ ሳያዩ የሰውን ማውራት ደግ አይደለም ብዬ ከዚሁ ጀመርኩ።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከተጠየቀችው ነገር አንዱ ይህን ንግድ ማጥፋት ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮች ነጻ ስለሚወጡበት ሁኔታ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁን ያወጡት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው እዚሁ ሐረር ያደጉ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁንና ዐዋጅ ቶሎ ከገጠር አይደርስም፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከእናንተ መካከል ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ ካሉ ከዚህ ዐዋጅ ቀድመው የተወለዱ ናቸው ማለት ነው።

በልጅነቴ በሰፈራችን ውኃ በአህያ እያመጡ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ማታ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ልጆች ስንከባቸው «እኔ ዋጋዬን ዐውቃለሁ፤ እናንተ ዋጋችሁን ታውቃላችሁ?» ይሉናል። ሕፃን ሳሉ ሲሸጡ በፊታቸው ስንት ማርትሬዛ እንደተቆጠረ በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩናል። እኛ ጨዋታ መስሎን እንስቅ ነበር። የእናታቸውን ስም ግን ብንጠይቃቸው አያስታውሱም። ሲሞቱ ዘመድ ስላልተገኘ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ቀበራቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሬዛውን ሲቀባበል ትዝ ይለኛል። ለምን ይህን እንደማነሣ ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ሰውን በሙሉ መሸጥ በሕግ እየተሻረ በሄደበት በዚያው ዘመን ደግሞ የሕክምና ጥበብ ከዚህ ቀደም ያልነበረ ነገር አመጣ። ይኸውም የአንዱን አካል ቆርጦ ለሌላው መትከል ነው። መጀመሪያ የተሳካው ዓይን ነው። በ1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በኦሎሙትስ ከተማ፣ በአደጋ ተበላሽቶ ከወጣ የአንድ ልጅ ዓይን ላይ የፊቱን ብሌን አንሥቶ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ተከለለት፤ ሰውዬውም አየ። ይህ የዓይን ክፍል እንደ ሰዓት መስተዋት ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። የደም ሥር የለውምና የሌላው ሰው አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚጥለው ከሌላው አካል ይልቅ ጥቂት ነው።

ኩላሊቱ ግን ብዙ አስቸገረ። በዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሬይና ጓደኞቹ ከአንዱ መንታ ለሌላው መንታ ተክለው ተሳካላቸው። ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ ወንድሙ ሪቻርድ ይባላሉ። ፍጹም መንታ ስለነበሩ የሪቻርድ ገላ የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ ቆጠረው። ተቀባዩ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሰጪው በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ድረስ ኖሮ በእርጅና ዘመኑ ሞተ። ከዚያ በ1967 በደቡብ አፍሪካ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ልብ ተከለ፤ በሽተኛው የኖረው ዐሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

ልብ አድርጉ፤ እስከዚህ ድረስ በመካከሉ ብር የለም። ወንድም ለወንድሙ ሰጠ፣ የሞተችውም ወጣት አባት ፈቅዶ የልጁን ልብ ሰጠ። ብር የገባው ባዕድ አካል እንዳይጣል የሚያደርገው የተሻለ መድኃኒት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለና መንታ ወይም ዘመድ መሆን የግድ መሆኑ ከቀረ በኋላ ነው። በ1983 በአሜሪካ በቨርጂኒያ ባሪ ጃኮብስ የሚባል አንድ ሐኪም ከድሃ አገር ሰው እያመጣ ኩላሊቱን አስወጥቶ ለሚችል ለመሸጥ፣ እርሱም የድለላውን ለመውሰድ ኩባንያ አቋቋመ። ይህን በአደባባይ መናገሩ እንደሆነ ይገርማል! አሜሪካኖቹ ደንግጠው በሚቀጥለው ዓመት በ1984 የሰው አካል መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ሕግ አወጡ። ሕንድም በ1994 ከለከለች። ለኩላሊት ሰጪ ገንዘብ እንዲከፈል በሕግ የፈቀደች ኢራን ናት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ሌላውን ስከስስ እኔም ንጹሕ አይደለሁምና።

በአገራችን ደም በባንክ ማስቀመጥ የጀመረው ቀይ መስቀል ነው፤ ይህም በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሥራውን የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተረክቦ በፈቃደኛ ሰጪ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በፊት በየሆስፒታሉ የነበረው ልማድ ምንድን ነው? በሽተኛ ደም ሲያስፈልገው ዘመዱ መጥቶ ይተካ ይባላል። ዘመድ የሌለውስ? ዘመዱ ደካማ የሆነውስ? እንግዲያው በበሩ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ።

ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችንን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። የሆስፒታሉን ስም አላነሣም። እኔ ደሜ አልገጠመም፤ ወንድምዋ ደግሞ ክፍለ ሀገር ነበር። ከበሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ቸግሮህ ነው?» አለኝ። ተስማማን። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ አይደለሁ? «ለታካሚዋ ያለው ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይ «ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ባለቤቴ ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጅቱም ዛሬ የልጆች እናት ናት። ነገር ግን ያንን ሰው በዚያው ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ እዚያው በር ላይ አየሁት። በሁለተኛው ጊዜ ከግንቡ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሰላም ሳልለው አለፍኩ። ሐኪም እንደሚለው አንድ ሰው ደም ሰጥቶ ሌላ ለመስጠት ሦስት ወር ያህል መቆየት አለበት። እርሱ ግን የዚያን ወር ብቻ የስንት ሰው «ወንድም» እንደሆነ እንጃ።

ይህን ያወጋሁት ለንስሐ ብቻ አይደለም። ኋላ ስለ ኩላሊቱ የሚመጣው ችግር ከዚሁ ወረቀት የሚወለድ ስለሆነ ነው።

ኩላሊት መትከል በአገራችን የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መጥተው ከእኛዎቹ ጋር አብረው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት ሲመላለስ ይኖራል፣ ወይ ቤት ንብረቱን ሸጦ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ ወይ ይሞታል። አብዛኛው ይሞት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ሲጀመር የተያዘው ደንብ ሰጪው በሕይወት ያለ የበሽተኛው ዘመድ እንዲሆን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እናት ለልጅዋ፣ እኅት ለወንድምዋ ስትሰጥ ብር በመካከል አይገባም ተብሎ ነው።

ሕጋችንም ቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከአካሉ ከፍሎ ለመስጠት የገባው ውል አካሉን በብርቱ የሚጎዳ ከሆነ፣ የሕክምና ሥራ ደንብ ካልፈቀደው በቀር ዋጋ የለውም ይላል። ቃል የገባ ሰውም በፈለገ ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ልሸጥልህ ብዬ ቀብድ ብቀበል ያስገድዱኛል፤ ኩላሊቴን እሰጥሃለሁ ብል ግን ከአልጋው ላይ ተነሥቼ ብሄድ ማንም ዳኛ አይመልሰኝም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለጥቅም ሲል የሰውን አካል በሚወስድ ላይ የእስራት ቅጣት አለው።

ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ዘመድነት በምን ይታወቃል? በወረቀት! ወረቀት ደግሞ በጸሐፊና በማኅተም ይሠራል። በመዝገብ ቤት የኖርን እናውቀዋለን፤ ማኅተም የሚያየው ከሥሩ ያለውን ቀለም ነው እንጂ እውነቱን አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዱ ኩላሊታቸው ደከመ። ይህን የምጽፈው ባለቤታቸውን አስፈቅጄ ነው። እጥበት ጀመሩ፤ ገንዘቡ አለቀ። ወንድማቸው ደም ብዛት ስላለበት አይሆንም ተባለ፤ የባለቤታቸው ደም አልገጠመም፤ ልጆቻቸው ትንንሾች ናቸው። በውጭ አገር ያለ ዘመዳቸው ገንዘብ ልላክ አለ። በመካከል አንድ ደላላ ገባና ሸዋ በር ላይ ዕቃ የሚሸከም አንድ ጎረምሳ አገኘላቸው። ጤነኛ ልጅ ነው፤ ከገጠር የመጣ። ወደ ውጭ አገር ሄደው ለማሠራት የዝምድና ማስረጃ ያስፈልጋል። እንግዲህ ማመልከቻ ጸሐፊ ማነው? እኔ ነኝ። ሁለቱ፣ ባልና ሚስት፣ ማታ ከቤቴ መጡ። ልጁ የአክስታቸው ልጅ ነው የሚል ማመልከቻ እንድጽፍላቸውና ሦስት ምስክር አቁሜ ቀበሌ እንዳስገባላቸው ለመኑኝ።

እኔም ልጁን ላነጋግረው አልኩ። በማግስቱ መጣ። «ታውቃለህ ወይ የምታደርገውን?» አልኩት። «ጋሼ፣ አንዱ ተርፎኝ እኮ ነው» አለኝ። ባጃጅ ሊገዛ ነው። ስለ ቆረጣው፣ ከዚያም በኋላ ከባድ ዕቃ መሸከም ለምን ያህል ጊዜ እንደማይችል፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው የነገረው የለም። ደላላው ስንት እንደሚወስድም አያውቅም። የራሱን ዋጋ ግን አጥርቶ ያውቃል፤ ሲነግረኝ በጣቱ ቆጠረልኝ። በዚህ ጊዜ ውኃ የሚሸጡት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

አልጽፍም አልኩ።

ሰውዬው ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ። እድራችን ቀበራቸው፤ ድንኳኑን ስተክል እኔም ነበርኩ። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ነስታኝ ኖረች። ለዚህ ጽሑፍ ላስፈቅድ ስሄድ በር ላይ አቁማ አነጋገረችኝ፤ «ጻፈው፤ ግን የእኔንም ቃል ጨምርበት» አለች። ቃልዋ ይኸው ነው፦ «ሁለት ኩላሊት ያለው ልጅ አንዱን ሽጦ ኑሮውን ቢለውጥ፣ ባሌም ልጆቹን ቢያሳድግ፣ ማን ይጎዳ ነበር? አንተ ሚስትህን በገዛኸው ደም አድነህ የእኔን ባል በሕግ ገደልክብኝ»። የደሙን ነገር በሰፈር የማያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ አውርቼው ነበርና። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም።

ልጁ ደግሞ ዛሬም ሸዋ በር ላይ ይሸከማል። ባጃጅ አልገዛም። ሲያየኝ እየሳቀ «ጋሼ፣ አከሰርከኝ እኮ» ይለኛል።

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሣኝ ኩላሊታቸውን የሸጡ ሰዎች ምን ደረሱ የሚለውን መፈለግ ጀመርኩ። በ2002 በአሜሪካ የሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ የተደረገው በሕንድ በቼናይ ከተማ ነው። ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎች ተጠየቁ። ከመቶው 96ቱ የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነው። በአማካይ የደረሳቸው 1070 ዶላር ነው። ከሸጡም በኋላ ከአራቱ ሦስቱ ያው ባለ ዕዳ ሆነው ተገኙ። የቤተሰባቸው ገቢ በሲሶ ቀነሰ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ጤናቸው ጎደለ፣ እንደ በፊቱ መሥራት አቃታቸው። ከመቶው 79ኙ ሌላ ሰው እንዲሸጥ አልመክርም አሉ። ይህን ቁጥር ለባለቤታቸው ልነግራት አስቤ ተውኩት። ቁጥር ለሐዘንተኛ ምን ያደርጋል? ለልጁ ግን ነግሬዋለሁ። «የሕንዶቹ ሸቀጥ ርካሽ ነበር ማለት ነው» አለኝ፤ ልጅ ነው።

ለራሴ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እናት ለልጅዋ ስትሰጥ፣ የሚሰጠው በሽተኛውን የሚወድ ሰው ነው። ዋጋ ሲገባ ግን ሰጪው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይመጣል፤ ከሸዋ በር፣ ከተሸካሚው፣ ከደም ሻጩ። ካለው ሰው ቤት ተነሥቶ ኩላሊቱን ሊሸጥ ወደ ድሃ ቤት የወረደ ሰው እስካሁን አላነበብኩም። የባለቤታቸውን ሐዘን ሳስብ ልቤ ያዝንላታል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ማመልከቻውን ብጽፍ ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ደላላው ስንት «የአክስት ልጅ» ይዞልኝ ይመጣ እንደነበር እኔ ዐውቃለሁ። በደሙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሽያጭ ፈቃድ ካለው እንዲህ ከሆነ፣ ፈቃድ ሲጠፋ ደግሞ ምን እንደሚመስል የስደተኞች መከራ ያሳያል። ከ2009 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በግብፅ በሲና በረሃ ብዙ ሺህ ስደተኞች፣ አብዛኛዎቹ ኤርትራውያን፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያውያን፣ በሽፍቶች ታግተው ቤተሰባቸው በስልክ ጩኸታቸውን እየሰማ ሠላሳና አርባ ሺህ ዶላር ይጠየቅ ነበር። ገንዘቡ ካልመጣ ኩላሊታችሁን እናወጣለን የሚል ማስፈራሪያ እንደነበረ ከእስር ያመለጡት ተናግረዋል። ግብፅ በ2010 የአካል ሽያጭን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ሳለ፣ በ2016 በዚሁ ንግድ ሐኪሞች ያሉበት አርባ አምስት ሰው መያዟን አስታውቃለች። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ልጆቻቸው በመንገድ ላይ ያሉ አባላት አሉን።

አሁን ወደ ተነሣንበት፣ ወደ ዓይኑ ልመለስ። የዓይኑ ነገር ከኩላሊቱ የሚለየው፣ የሚሰጠው ሰው ሞቶ ስለሆነ ከአልጋ የሚነሣ፣ ከሸክም የሚቀር ሰው ባለመኖሩ ነው።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመስጠት ቃል ገብተው ለሕዝቡ ምሳሌ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ በተደረገ የዓይን ጥናት፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ፣ ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑ ታወቀ። ግማሹ የሞራ በሽታ ነው፤ እርሱ በቀዶ ጥገና ይነሣል እንጂ የሰው ዓይን አይፈልግም። ነገር ግን ብሌናቸው በቁስል፣ በእሾህና በልዩ ልዩ በሽታ ጠባሳ ሆኖ የጨለመባቸው አሉ፤ ለነዚህ ከሞተ ሰው የሚገኝ ኮርኒያ ካልተተካላቸው በቀር ሌላ ብልሃት የለም። ቃል የገባ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ስልክ ይደውላል፤ ባለሙያ መጥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ስድስት ሰዓት ሳያልፍ ያነሣል። የአንድ ሰው ሁለት ዓይን ለሁለት ሰው ይሆናል። ሰጪው አይከፈለውም፤ ተቀባዩም ዓይኑን አይገዛም።

በስብሰባው ላይ ያማተቡትን አባላት ያስጨነቃቸው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው የአስከሬኑ መልክ ነው። ገናዦቻችን እንዳይደነግጡ ልንገራቸው፤ ሽፋሽፍቱ ተከድኖ ፊቱ እንደ ነበረ ይሆናል፤ ለስንብት የሚመጣ ሰው አይለየውም። ሁለተኛው የሃይማኖቱ ነው። እኔ በዚህ አስተማሪ አይደለሁም። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ መሪጌታ ስጠይቃቸው «አፈር የበላውን አካል የሚያስነሣ አምላክ፣ ለሰው የተሰጠ ዓይን የት እንደገባ ይጠፋዋል?» አሉኝ። በእስላሞቹም ወገን በጅዳ ያለው የፊቅህ አካዳሚ በ1988 ባወጣው ውሳኔ፣ ሟቹ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ ከሞተ ሰው አካል ወስዶ ሕያውን መርዳት የተፈቀደ፣ ሽያጩ ግን የተከለከለ መሆኑን ገልጿል። ብዙ ነገር ለሚያከራክራቸው ሊቃውንት በሽያጩ ላይ እንዲህ መስማማታቸው ደስ ያሰኛል።

ከሁለቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ለእኛ ለቅሶ ምንም አይደለም። ጡሩንባ ነፊው ሰፈሩን ሳይጨርስ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ዘመድ ሳይደርስ ያልፋል። ስለዚህ ዓይኔን ሰጥቻለሁ ያለ አባል ሲሞት የቤተሰቡ የመጀመሪያ ስልክ ለእድር ዳኛ ሳይሆን ለጤና ባለሙያ መሆን አለበት ማለት ነው። በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ግን «አባል ሲሞት ወዲያውኑ ለዳኛው ይነገራል» ይላል። ቀደሞቻችን ሲጽፉት ክፉ አላሰቡም። ይህች አንቀጽ መሻሻል አለባት ባይ ነኝ። እንዲሁም ኮሚቴው ሁለት ሰው ልኮ በከተማችን ካሉት ሆስፒታሎች ጋር ቢነጋገርና፣ ቃል የገባ አባል ቢሞት ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በጽሑፍ ቢያስገባ መልካም ነው።

ደግሞም አንድ ሌላ ሐሳብ በሰፈር ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ዓይኑን ለሰጠ አባል ቤተሰብ እድሩ ተጨማሪ ገንዘብ ይስጥ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት በደግነት ነው፤ እኔ ግን እቃወማለሁ። ዛሬ ለዓይን ሁለት ሺህ ብር ብንል፣ ነገ የታመመ አባቱን ፈቃድ አስፈርም የሚል ልጅ አይጠፋም። ቃሬዛ ስንሸከም ማን ከፈለን? ጉድጓድ ቆፍረን አድረን ለማን ደረሰኝ ቆረጥን? ያንን ውኃ ሻጭ ሽማግሌ የቀበረ ሰፈር በዋጋ አልቀበራቸውም።

የስብሰባውን አባላችንን ፈቃድ በአዲሱ መዝገብ በሙሉ ስማቸው አስፍሬዋለሁ። እኔም የራሴን ጽፌአለሁ፤ ምስክር ግን ያስፈልገኛልና የደሙን ታሪክ ያወጋኋችሁን ልጄን ጠራኋት። ወረቀቱን አነበበችና «እስቲ አስብበታለሁ አባዬ» ብላ መልሳ ከፋይሉ ውስጥ ከተተችው። አላስገደድኳትም። የደንቡ ማሻሻያ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 3 ላይ ተይዟል፤ ዘንድሮ «ልዩ ልዩ» ሥር አላስገባሁትም።